በሽምብራ ልክ የሚከተፍ ሰላጣ

የጄኔራል ዊንጌትን ስም ብዙ ተማሪ ከአዲስ አበባው ትምህርት ቤት የተነሣ ያውቀዋል፤ የሰውዬውን ጠባይ ግን የሚያውቅ ጥቂት ነው። ይህ እንግሊዛዊ መኰንን በ1933 ዓ.ም. ከሱዳን ተነሥቶ በበላያ በኩል ወደ ጐጃም ሲገባ፣ ከካርታውና ከመሣሪያው ሌላ ጥሬ ሽንኩርት አይለየውም ነበር። ታሪኩን የጻፉት እንደሚተርኩት፣ ሽንኩርቱን በገመድ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ይዞር ነበር፤ ሲያሰኘውም ሌላው ሰው ኮክ እንደሚገምጥ እርሱ ሽንኩርቱን ይገምጥ ነበር። በዚያው ዓመት በየካቲት መጨረሻ የኢጣልያ ጦር ቡሬን ለቆ ወደ ደምበጫ ሲያፈገፍግ፣ ዊንጌትና ጦሩ በዚያው መንገድ ላይ ነበሩ። የቡሬ ሰው አይቶት ከሆነ ሳይስቅ እንዳልቀረ እገምታለሁ፤ ምክንያቱም ከ70 ዓመት በኋላ እኔም በዚያው ከተማ ጥሬ አትክልት ስበላ ተገኝቼ ተስቆብኛል።

ዊንጌት ወደ እኛ አገር ከመምጣቱ በፊት በፍልስጥኤም ያገለገለ ሰው ነው። የጐጃሙን ጦሩን «ጌዴዎን» ብሎ የሰየመውም፣ በጥቂት ሰዎች ብዙ ጠላት ካሸነፈው፣ በመጽሐፈ መሳፍንት ከሚነገርለት መስፍን ወስዶ ነው። እኔ ግን ዛሬ የምጽፈው ስለ ጦር አይደለም። በዚያ እርሱ ባገለገለበት አገር፣ በእስራኤላውያንም በፍልስጥኤማውያንም ቤት፣ ጧትም ማታም ከገበታ ስለማይጠፋው ስለ ተከተፈ ጥሬ አትክልት ነው።

ነገሩን መጀመሪያ የሰማሁት በ2003 ዓ.ም. ቡሬ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት ጀማሪ ጸሐፊ ሳለሁ ነው። ለትንሣኤ በዓል ኢየሩሳሌም ተሳልሞ የተመለሰ አንድ የሥራ ባልደረባ ነበረን። ስለ ቅዱሳት መካናቱ ሲነግረን ቆይቶ፣ በመጨረሻ ስለ ቁርሱ አነሣ። «ሰዎቹ ገና ፀሐይ ሳትሞቅ ቲማቲምና ኪያር፣ ሽንኩርትም ሳይቀር፣ እንደ እህል አድቅቀው በሎሚ ይበላሉ» አለን። እኔም ደመወዜ ከወር ወር ስለማትደርስና ከሽሮ በቀር ሌላ ወጥ መሥራት ስለማልችል፣ እሳት የማይፈልግ ምግብ መኖሩን ስሰማ ደስ አለኝ። በማግሥቱ ገበያ ወጥቼ አንድ መደብ ቲማቲም ገዛሁ።

ያደረግሁትን ሁሉ ስሕተት ልናገር። ቲማቲሙን በአንድ ባልዲ ውሃ አንድ ጊዜ አለቅልቄ አወጣሁት፤ ውሃውም ያልፈላ ነበር። በደነዘ ቢላዋ አራት አራት አድርጌ ቈረጥሁት። ጨውና ሎሚ ጨምሬ፣ ማታ እንግዶች ይመጣሉና ቀድሜ ልዘጋጅ ብዬ፣ ከቀትር ጀምሬ ከድኜ አስቀመጥሁት። ማታ ስከፍተው ሰላጣው በራሱ ውሃ ውስጥ ይዋኛል። ያም ሆኖ በላነው። ከሦስታችን ሁለታችን በሆድ ሕመም ሦስት ቀን ከሥራ ቀረን። ቤት አከራዬ የነበሩት እናት የአጃ አጥሚት ሠርተው ይዘውልኝ መጡና፣ አልጋዬ አጠገብ ቆመው አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ፤ «ልጄ፣ እግዜር እሳትን የፈጠረው ለምን ይመስልሃል?»

ያን ጊዜ መልስ አልነበረኝም። ጥሬ ሥጋ እየቈረጠ የሚበላ አገር ጥሬ ቲማቲም ሲያይ መሳቁ ገርሞኝ ነበር፤ ግን ከታመመ ሰው እንዲህ ያለ ክርክር አያምርም። ዛሬ ግን መልሱ የገባኝ ይመስለኛል። እኒያ እናት ልክ ነበሩ፤ እሳት ያስፈልግ ነበር። ያስፈልግ የነበረው ግን ለአትክልቱ ሳይሆን ለማጠቢያው ውሃ ነው። ወደዚህ ነገር ኋላ እመለሳለሁ፤ አስቀድሞ ምግቡ ምን እንደ ሆነ ማወቅ ይገባል።

«ሰላጣ» የሚለው ቃል ከሥሩ «ጨው የነካው» ማለት ነው። በእኛ ቋንቋ ቅጠሉም ሰላጣ ይባላል፤ በጥሬው ተደባልቆ የሚበላውም ሰላጣ ይባላል። ስለዚህ ቡሬም ሆነ ፍኖተ ሰላም ምግብ ቤት ገብቶ «ሰላጣ ስጡኝ» ያለ ሰው ቅጠል ቢቀርብለት አስተናጋጁን ሊቈጣ አይገባም። የዛሬው ሰላጣችን ግን ቅጠሉ የለበትም። ቲማቲም፣ ኪያር፣ ሽንኩርትና ጥቂት ለምለም ቅመም ናቸው፤ በጣም ደቀው ይከተፉና በሎሚ፣ በዘይትና በጨው ይታሻሉ። በዕብራይስጥ «ሰላት ካጹጽ»፣ ማለትም የተከተፈ ሰላጣ ይሉታል። እዚያው እስራኤል ውስጥ «ሰላት አራቪ»፣ የዐረብ ሰላጣ፣ የሚሉትም ብዙዎች ናቸው። ይህም ስም ያለ ምክንያት አልወጣም፤ ካለፈው መቶ ዓመት መጀመሪያ አንሥቶ ከአውሮፓ የመጡት አይሁድ ይህን አበላል የተማሩት ከአገሩ ዐረብ ገበሬዎች ነው። በኋላ «ኪቡጽ» በሚባለው የጋራ እርሻ፣ ሠራተኛው ከንጋት ሥራው ተመልሶ በጋራ አዳራሽ ሲቀመጥ፣ ሙሉውን ቲማቲምና ኪያር ከፊቱ አድርጎ እያንዳንዱ ለራሱ ይከትፍ ስለ ነበር፣ ማን ይበልጥ ያደቅቃል የሚል ፉክክር እስኪነሣ ድረስ የአገሩ መለያ ሆነ።

የማን ነው የሚለው ክርክር ዛሬም አልበረደም። ቱርኮች ለእርሱ ቅርብ የሆነውን «የእረኛ ሰላጣ» ይሉታል። ኢራናውያን በሺራዝ ከተማ ስም ጠርተው ደረቅ ናና ይነሰንሱበታል። ጎረቤታችን ኬንያ ደግሞ ቲማቲምና ሽንኩርቱን ከቃሪያ ጋር ከትፎ «ካቹምባሪ» ብሎ ከጥብስ ጋር ያቀርበዋል። ከእነዚህ ሁሉ ማንኛውም ቢሆን ቲማቲሙን ከጥንት አባቶቹ ወረስሁ ሊል አይችልም። በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 11 እስራኤል በምድረ በዳ ሳሉ የግብፅን ሽንኩርትና በጢሕ ናፍቀው እንዳለቀሱ ተጽፏል፤ ቲማቲም ግን አልናፈቁም፤ አያውቁትምና። ቲማቲም ከአሜሪካ ምድር ወጥቶ ወደ ሌላው ዓለም የተሰራጨው ከ16ኛው መቶ ዓመት ወዲህ ነው። ቡሬና ጃቢ ጠህናን የሚታወቁበት በርበሬም ከዚያው ከአሜሪካ የመጣ እንግዳ ነው። እንግዲህ ጐጃሜ በርበሬን የራሱ ካደረገ፣ ስለ ሰላጣው የሚጣላበት ነገር አይታየኝም።

ከዚህም በቀር ነገሩ ለእኛ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። የቃሪያ ስንግ የምንበላው በጥሬው ነው። በጾም በያይነቱ መካከል የሚቀመጠው ቲማቲም በሽንኩርትና በቃሪያ የተከተፈ ጥሬ ነው። በቲማቲም ፍትፍትና በዚህኛው መካከል ያለው ትልቁ ልዩነት የውሃው ጉዳይ ነው። በፍትፍቱ የቲማቲሙን ውሃ እንፈልገዋለን፤ እንጀራው የሚርሰው በእርሱ ነውና። በሰላጣው ግን ውሃው ጠላት ነው። እኔ ከቀትር ጀምሬ ጨው ነስንሼ ያስቀመጥሁት ሰላጣ ሳላውቀው ወደ ፍትፍት ጉዞ ጀምሮ ነበር፤ እንጀራ አጣ እንጂ። ጨው ካረፈበት አትክልት ውስጥ ውሃውን ስቦ ያወጣል፤ ተማሪዎች በሳይንስ ክፍል «ኦስሞሲስ» ብለው የተማሩት ይኸው ነው።

አሁን ወደ ገበያ እንውጣ። በዚያ አገር አትክልት የሚረክሰው በመስኖው ወራት፣ ከጥር እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ነው። በላህ፣ በፈጣምና በሌሎቹ ወንዞች ዳር በመስኖ የተተከለው ቲማቲምና ሽንኩርት በአንድነት ይደርሳል፤ ዐቢይ ጾምም በዚሁ ጊዜ ይውላል። ሁሉም ሰው በአንድ ሳምንት ቲማቲሙን ይዞ ሲወጣ ዋጋው ይወድቃል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ደግሞ በክልሉ በተነሣው ጦርነት መንገድ በተደጋጋሚ ሲዘጋ፣ ጉዳቱ ከሁሉ አስቀድሞ የሚደርሰው እንዲህ ባለው ዕቃ ላይ ነው። በቆሎና በርበሬ ጐተራ ገብቶ መንገድ እስኪከፈት ይጠብቃል፤ የበሰለ ቲማቲም አይጠብቅም። እንዲህ ባለ ጊዜ የከተማው ጸሐፊ ከወንዙ ማዶ ያለውን ገበሬ ቲማቲም ቢበላለት፣ ሁለቱም ይጠቀማሉ። በክረምት ግን ዝናቡ በሚያመጣው በሽታ ቲማቲሙ ስለሚጠቃ ዋጋው ይወጣል፤ ያን ጊዜ ሰላጣው ይቅር።

ቲማቲም ሲመረጥ ጠንከር ያለ፣ ሥጋው ወፍራም፣ ውሃው ጥቂት የሆነው ነው የሚሻለው። «ሮማ» የተባለውና ረዘም ያለው ዓይነት ለዚህ ይስማማል። ሽንኩርቱ ቀይ ሽንኩርት ነው። ኪያር በቡሬ ሁልጊዜ ላይገኝ ይችላል። በተገኘ ጊዜ ቀጭኑንና ጠንካራውን መርጦ፣ ጫፉን ቈርጦ መቅመስ ነው፤ ጫፉ ብቻ ከመረረ ያንን ጥሎ ሌላውን እንደ ገና መቅመስ፣ ውስጡም ከመረረ ሙሉውን መጣል ይገባል። ኪያር ከታጣ ለጋ ዝኩኒ በጥሬው፣ ወይም የጥቅል ጎመን ነጩ ልብ ተከትፎ ቦታውን ይሸፍናል። የኢየሩሳሌም ሰው ይህን ቢሰማ ፊቱን ሊያዞር ይችላል፤ ቢሆንም አስፈላጊው ነገር በጥርስ መካከል «ቀጭ» የሚል ነገር መኖሩ ነው። በፐርስሊ ፋንታ የድንብላል ለምለም ቅጠል ወይም ናና ይሆናል። ዘይቱ በእነርሱ ዘንድ የወይራ ዘይት ነው። በእኛ አገር የወይራ ዘይት በጀማሪ ጸሐፊ ደመወዝ የማይሞከር ስለ ሆነ የኑግ ዘይት እንጠቀማለን። የጐጃም ኑግ ሽታው ኀይለኛ ነውና ከአንድ የሾርባ ማንኪያ አይብለጥ።

ለሁለት ሰው ሦስት ቲማቲም፣ አንድ መካከለኛ ኪያር፣ ግማሽ ሽንኩርት፣ አንድ ቃሪያ፣ አንድ ሎሚ ይበቃል።

ከቢላዋው በፊት እጥበቱ አለ፤ በዚህ ላይ ጥቂት ልቈይ፤ ሦስቱን ቀን አልረሳሁትምና። የመስኖው ወንዝ ከላይ በከተማ ወይም በመንደር በኩል ያልፋል፤ ሰውም ከብትም ይነካዋል። በእርሱ ከጠጣ አትክልት ላይ አሜባ፣ የታይፎይድ ጀርምና የወስፋት እንቁላል ሊገኝ ይችላል። ብዙ ሰው ሎሚ ይገድለዋል ብሎ ያምናል፤ ይህ እምነት አያዋጣም። ሎሚ ጣዕም ይሰጣል እንጂ እነዚህን በአስተማማኝ ሁኔታ አይገድልም። ውሃ ማከሚያ ክሎሪን በጠርሙሱ ላይ በተጻፈው መጠን መጠቀም ለባክቴሪያው ይረዳል፤ የወስፋት እንቁላል ግን ቅርፊቱ ጠንካራ ስለ ሆነ ክሎሪኑን ይቋቋማል። እንቁላሉ የሚወገደው ታሽቶ፣ በውሃ ተጠርጎ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱን ቲማቲም በእጅ ማሸት፣ ውሃውንም ሁለት ሦስት ጊዜ መለወጥ ያስፈልጋል። በአንድ ባልዲ ውስጥ ሁሉን አብሮ መንከር የአንዱን ቈሻሻ ለሁሉ ማካፈል ነው።

የመጨረሻው ማለቅለቂያ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ይሁን። እዚህ ላይ የደጋ ሰው ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ። ቡሬ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ93 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስለዚህ ቆላ ላይ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ አንድ ደቂቃ የሚበቃው ውሃ፣ በእኛ ዘንድ ሦስት ደቂቃ ሊንተከተክ ይገባዋል። ማታ ለሻይ ውሃ ሲጣድ ትርፍ አድርጎ አፍልቶ፣ ከድኖ ማሳደር ነው። የኪያሩ ልጣጭ ከታጠበ በኋላ ይላጥ፤ መክተፊያው ሥጋ የተከተፈበት አይሁን፤ እጅም በሳሙና ይታጠብ። ያረገዘች ሴት ወይም ሕፃን በቤት ካለ ደግሞ፣ የውሃው ነገር የሚያጠራጥር ሲሆን ያን ቀን ሰላጣውን ትቶ ወጥ መሥራት ይሻላል።

ቢላዋው የተሳለ መሆን አለበት። የደነዘ ቢላዋ ቲማቲሙን ይጨፈልቀዋል እንጂ አይቈርጠውም፤ የተጨፈለቀ ቲማቲምም ውሃውን ይለቃል። ሞረድ የሌለው ተማሪ የሲኒውን መቀመጫ ገልብጦ፣ ቀለም ባልተቀባው ሻካራ ጠርዝ ላይ ቢላዋውን ቢያፋጭ ለጊዜው ይበቃዋል። ቲማቲሙ ለሁለት ተከፍሎ፣ ፍሬና ውሃው በማንኪያ ተጠርጎ ይወጣል። ፍሬውን መጣል አያስፈልግም፤ ለነገው ሽሮ ይሆናል። ከዚያ ሥጋው ቀጭን ቀጭን ሆኖ ይተለተላል፤ ትልታዩ አንድ ላይ ተይዞ በአግድም ይከተፋል። ልኩ የሽምብራ ፍሬ ነው። ከሽምብራ የበለጠ እንደ ሆነ ሎሚው አይዘልቀውም፤ ካነሰም ድልህ ይመስላል። ኪያሩም እንዲሁ ይከተፋል። ሽንኩርቱ ግን ከሁለቱ ይልቅ መድቀቅ አለበት፤ ምስር ያህል። ኀይሉ የሚያስፈራው ሰው ከተከተፈ በኋላ በቀዝቃዛ የፈላ ውሃ ውስጥ ዐሥር ደቂቃ ዘፍዝፎ ማጥለል ይችላል። ዊንጌት ይህን የሚያደርግ አይመስለኝም።

የተከተፈው ሁሉ ሳይታሽ ለየብቻው ይቀመጣል። እንጀራው ወይም ዳቦው ቀርቦ፣ እጅ ታጥቦ፣ ሰዎቹ ከተቀመጡ በኋላ ብቻ አንድ ላይ ይደረጋል። በቅድሚያ ዘይቱ፣ ቀጥሎ ሎሚው፣ በመጨረሻ ጨው። ዘይቱ ቀድሞ ሲገባ አትክልቱን በስሱ ስለሚለብሰው ጨው ውሃውን ለማውጣት ጥቂት ይዘገያል። በማንኪያ ከሥር ወደ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ማገላበጥ ይበቃል። እዚያ አገር ብዙዎች «ጠሒና» የሚባለውን የሰሊጥ ልቍጥ ያፈሱበታል። የእኛ ሰው ሰሊጥ ቆልቶ፣ ወቅጦና በጥብጦ በጾም ሲበላ የኖረ ስለ ሆነ፣ ይህን ለማድረግ ከማንም ምክር አይፈልግም። የተረፈ ሰላጣ ለማግሥቱ አይቀመጥም፤ የሚበቃውን ያህል ብቻ መክተፍ ነው።

ስለ ጥቅሙ ብዙ የተጋነነ ነገር ይነገራል፤ እኔ የማውቀውን ብቻ ልበል። ጥሬ ቃሪያ በክብደቱ ልክ ከብርቱካን የበለጠ ቫይታሚን ሲ አለው፤ ይህም ቫይታሚን በእሳት ይቀንሳል። ሰውነታችን በሽሮና በምስር ውስጥ ያለውን የብረት ንጥረ ነገር በሚገባ የሚወስደው ቫይታሚን ሲ አብሮ ሲገባለት ነው። ስለዚህ ሰላጣው ሽሮውን የሚተካ ሳይሆን ከጎኑ ተቀምጦ የሚያግዘው ነው። በአንጻሩ ቲማቲምን ቀይ የሚያደርገው ላይኮፒን የተባለው ነገር በዘይት ሲበስል ይበልጥ ይገኛል። ሁሉ ነገር በጥሬው ይሻላል የሚል ሰው ቢገኝ እንግዲህ ይህን መንገር ነው።

ቤት አከራዬን በሁለተኛው ሙከራ ጋብዣቸው ነበር። የፈላው ውሃ በማሰሮ ተከድኖ ቆይቷል፤ ቢላዋው ተስሏል፤ ቀኑ ዓርብ ነው። እፊታቸው ሳሽቀው በዝምታ አዩኝ። ከዚያ እንጀራ ቈርሰው ጠቅልለው ጐረሱ፤ ጥቂት አላመጡና፣ «ይህ አረንጓዴው ምንድን ነው?» አሉ። «ኪያር ነው፣ እማማ» አልኋቸው። «ውሃ ውሃ ይላል» ብለው ተነሥተው ወደ ጓዳቸው ገቡ። ሲመለሱ ሁለት ቃሪያና የቤታቸውን ቢላዋ ይዘው ነበር፤ ቁጭ ብለው ቃሪያውን እንደ ምስር አድቅቀው ከተፉበት። በሚቀጥለው ረቡዕ ከሥራ ስመለስ ምድጃቸው ላይ ውሃ እየፈላ አገኘሁ። «ለቲማቲሙ ነው» አሉኝ።